ታሪኩን በራሱ ካሜራ
(በግሸን ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከግሸን አምባ ላይ ሆኖ የአምባሰልን እርሻ ለሚመለከት የፊልም ባለሙያ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ትዝ ይለዋል። አዘጋጁ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለዱ፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ደራሲ ነበሩ። በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ፊልም ተማሩ። አገሪቱ በአብዮት ስትናወጥ ተመልሰው የጭሰኛውንና የባለርስቱን ኑሮ በጥቁርና ነጭ ቀረጹ፤ ፊልሙም በ1976 ለእይታ በቃ። በ1993 «ሳንኮፋ» አከፋፋይ ቢያጣ፣ አዳራሽ ራሳቸው ተከራይተው አሳዩት። በ2008 «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ የገንዘብ እጥረት ሥራን ያዘገይ እንደሆነ እንጂ አያስቀርም። የዚህን አምባ ገበሬ ታሪክ እኛ ካልቀረጽነው ማን ይቀርጽልናል?