አጥንት የሚሞላ ዱቄት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ ባለ ታክሲ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ኬሚስትሪ ጀምሬ ስለነበር አዘጋጆቹ «ከምታውቀው አካፍለን» ብለውኛል። የመረጥኩት ስለ አጥንት ነው፤ በእኛ ሥራ የመኪና ግጭት፣ በዚህ አገር ክረምትም በበረዶ ተንሸራቶ መውደቅ ብርቅ አይደለምና።

አገራችን ወጌሻ አጥንቱን አቃንቶ ያስራል፤ የቀረውን ሥራ አጥንቱ ራሱ ይሠራዋል። ችግሩ አጥንቱ ደቆ ሰፊ ክፍተት ሲተው ነው። ሐኪሞች ከበሽተኛው ዳሌ አጥንት ወስደው ይሞሉታል። ዘዴው ዛሬም የታመነ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቁስል ያተርፋል።

ከአጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ማዕድን ሲሆን፣ እሱም የካልሲየም ፎስፌት ዓይነት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድ አልቢ ካልሲየም ፎስፌት አጥንትን ለማብቀል እንደሚረዳ በ1920 ጽፎ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ጌዘርስበርግ፣ ሜሪላንድ፣ ብራውንና ቻው የተባሉ ተመራማሪዎች የጥርስ መጠገኛ ሲፈልጉ አንድ ነገር አገኙ፦ ሁለት ዓይነት የካልሲየም ፎስፌት ዱቄት በውሃ ሲለወስ፣ በሰውነት ሙቀት ደርቆ የአጥንትን ማዕድን ወደሚመስል ነገር ይለወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1996 ለራስ ቅል መጠገኛ ፈቀደው።

ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። አንዱ ቀስ በቀስ እየሟሟ ቦታውን ለአዲስ አጥንት ይለቃል፤ ሌላው ለዓመታት እንዳለ ይቆያል። ሁሉም እንደ ሸክላ ናቸው፦ ሲጫኗቸው ይችላሉ፣ ሲያጎብጧቸው ይሰበራሉ። ስለዚህ እግርን የሚያህል ተሸካሚ ሲጠገን ብረትና ብሎን ይታከልበታል።

ወገኖቼ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ታክሲው ሲቆም ገቢውም ይቆማልና፣ ሕመሙ በረድ ሲል ወደ መሪው መሮጥ ያምረናል። ዱቄቱ ደረቀ ማለት አጥንቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ «እርገጥ» እስኪል ታገሡ። ሲጋራም የአጥንትን መጋጠም ያዘገያል።

ከመፈረማችሁ በፊት «የምትሞሉት ምንድን ነው? ይሟሟል ወይስ ይቀራል? መቼ ልርገጥ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጆቻችንን በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አናድርጋቸው።