ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ

ውድ ተመራቂዎች፦

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግቢያችሁ ነው። ላይብረሪ ወንበር ተሻምታችሁ፣ ከዶርም ወደ ክፍል ተመላልሳችሁ ለጋወኑ በቅታችኋል። እነዚህ ቤቶች ከእናንተ በፊት ያዩትን ሳትሰሙ እንድትወጡ ግን አልፈልግም።

ጅምሩ አራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ማስተማር ሲጀምር በኃላፊነት የመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ የኢንጂነሪንግና የሕንፃ፣ በጎንደር የጤና፣ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጆች ተከፈቱ። ሁሉም ለየብቻቸው የቆሙ ነበሩ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተሰበሰቡት በ1954 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ዓመት ስድስት ኪሎ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የስድስት ኪሎው ግቢ ገነተ ልዑል የተባለ ቤተ መንግሥት ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእሱ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጣሊያኖች በወሰዱት በቀል ምጽዋት ሊቀበሉ ከተሰበሰቡት ድሆች ጀምሮ ከተማው ለሦስት ቀን በደም ታጠበ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ተረሸኑ። በእነዚያ ቀናት የአራት ኪሎ ተማሪዎች መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ልክ በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ ቤት ለተማሪ ሰጡ። ምክንያታቸው ሐዘን ይሁን ሌላ፣ በእኔ እምነት በዘመናቸው ከወሰኗቸው ውሳኔዎች ሁሉ ፍሬው ለረጅም ጊዜ የተለቀመው ይኼኛው ነው። ዛሬ በዚያ ቤት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ሳይቀር ለጎብኚ ክፍት ነው።

ፊት ለፊቱ ያለውን ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ታውቁታላችሁ። ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በእርከን ሊቆጥሩበት የሠሩት ነው። ከድል በኋላ አባቶቻችን አላፈረሱትም፤ አናቱ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። በመቶ ገጽ መጽሐፍ የማይነገር ነገር ነው።

ቤተ መንግሥቱ ለተማሪ ከተሰጠ በኋላ ኬኔዲ ላይብረሪ ተሠራ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሄድ ክፍሎቹ ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲውም ስም ተቀየረ። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ወጣ፤ ጎንደርም በኋላ እንዲሁ። ግቢ ከመጨመር ይልቅ ልጅን ድሮ ማስወጣት ለዩኒቨርሲቲ ትልቅ ክብር ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በአገራችን አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የአሮጌው ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠግን ነው። ከመካከላችሁ ኢንጂነሮች አላችሁ፤ ነገ በጀት የምትመድቡና ፕላን የምታጸድቁም አላችሁ። የአንድ አሮጌ ቤት ዕጣ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ማን እንደኖረበት፣ ምን እንደተፈጸመበት ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ለጥገናው ደግሞ ገንዘብ መድቡ።

ዛሬ ደግሞ ፎቶ ተነስታችሁ ስትጨርሱ ወላጆቻችሁን ወደ ቤተ መዘክሩ ውሰዷቸው። ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸውና ልጃቸው የተማረበትን ግቢ ታሪክ ከልጃቸው አፍ ይስሙ። እንኳን ደስ አላችሁ!