በጎዳና ብስክሌት ውድድር የስልትና የመረጃ ጉዳይ




የዚህ ንግግር ርእስ ከድልድይና ከግድብ፣ ከኤሌክትሪክ መሥመርና ከውሃ ቧንቧ ሥራ ራቅ ያለ ይመስል ይሆናል። ይሁንና ነገሩ ስለ መለኪያ፣ ስለ መረጃና በመረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለሚሰጥ ውሳኔ በመሆኑ ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም። ጉዳዩ ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 25 ቀን 2021፣ በጃፓን አገር የተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር ነው። የዚህ ስፖርት ወዳጆች በውድድሩ ስልትና በዘገባው ላይ ብዙ ተከራክረዋል። የጎዳና ብስክሌት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈውላት ነበር።

ክርክሩን ለመመዘን አስቀድሞ የስፖርቱን ተፈጥሮ መረዳት ያስፈልጋል። በሜዳማ መንገድ ላይ የብስክሌተኛ ዋና ባላጋራ አየር ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ፣ ይህንንም ለማሸነፍ በየሴኮንዱ የሚወጣው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሌላ ብስክሌተኛ ጀርባ ተጠግቶ የሚጓዝ ሰው ግን ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ሊቆጥብ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ተሰብስበው፣ ፊት መሪነቱን እየተፈራረቁ ሲጓዙ፣ ቀድሞ ያመለጠውን ጥቂት ሰው በመጨረሻው ላይ መያዛቸው የተለመደ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለዚህ ስፖርት የተነገረ ይመስላል።

ነገር ግን ድሩ ካላበረ ምን ይሆናል? ፊት የሚመራው ሰው ይደክማል፤ ኋላ የተከተለው ያርፋል። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ቡድን ሌላው ቡድን እንዲደክምለት ይጠብቃል። በተለይ አንድ ቡድን ከሌሎቹ እጅግ ገንኖ በሚታይበት ጊዜ፣ የማሳደዱ ሸክም የእርሱ ብቻ ነው ብሎ ሁሉም እጁን ያጣጥፋል።

በጃፓን የሆነው ይኸው ነው። የኔዘርላንድ ቡድን አራት ሴቶችን አሰልፎ ነበር። ከእነርሱም ማሪያኔ ቮስ በ2012 በለንደን፣ አና ቫን ደር ብሬገን በ2016 በሪዮ የወርቅ ሜዳልያ ያገኙ ነበሩ። አኔሚክ ቫን ቭሎይተንና ደሚ ፎለሪንግም የሚናቁ አልነበሩም። የውድድሩ ርዝመት 137 ኪሎ ሜትር ነበር። ገና ከመነሻው አምስት ሴቶች አፈትልከው ወጡ፤ እነርሱም የኦስትሪያዋ አና ኪዘንሆፈር፣ የፖላንዷ አና ፕሊህታ፣ የእስራኤሏ ኦመር ሻፒራ፣ የደቡብ አፍሪካዋ ካርላ ኦበርሆልዘርና የናሚቢያዋ ቬራ ሎዘር ናቸው። ዋናው ስብስብ ሳይከተላቸው ቀረ፤ ርቀቱም ከ10 ደቂቃ በላይ ሆነ።

ኪዘንሆፈር በሒሳብ ትምህርት የዶክትሬት ዲግሪ ያላት ተመራማሪ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ በየትኛውም የሙያ ብስክሌተኞች ቡድን ውስጥ አልነበረችም። ልምምዷንም ራሷ ታቅድ ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀሩ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ደግሞ ኪዘንሆፈር ቀሪዎቹን ሁለቱን ጥላ ብቻዋን ገሠገሠች። በፍጻሜው ላይ የኋለኞቹ ፕሊህታንና ሻፒራን ደረሱባቸው። ከዚያም ቫን ቭሎይተን ተፈናጥራ ወጣችና ያሸነፈች መስሏት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ መሥመሩን አለፈች። ኪዘንሆፈር ግን ከ1 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ በፊት ገብታ ነበር። ሦስተኛ የወጣችው የጣሊያኗ ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ ናት።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር በሦስት ወገን ይከፈላል። የመጀመሪያው ወገን ጥፋቱ የኔዘርላንዶች ነው ይላል፤ አምስት ሰው ወጥቶ አራቱ ሲመለስ አምስተኛውን የሚጠይቅ እንዴት ይጠፋል? ሁለተኛው ወገን ደንቡን ይወቅሳል። በኦሎምፒክ ውድድር በጆሮ የሚደረግ የመገናኛ ሬዲዮ አይፈቀድም፤ ተወዳዳሪው ዜና የሚያገኘው በሞተር ብስክሌት ላይ ከሚታይ ሰሌዳ ወይም ወደ ቡድኑ መኪና ቀርቦ በመጠየቅ ነው። ሦስተኛው ወገን ድሉ በማንም ስሕተት የመጣ ሳይሆን የኪዘንሆፈር የራሷ ሥራ ነው ይላል።

ሦስቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች በአንድነት ተደባልቀዋል። አንደኛው የሥራ ክፍፍል ጉድለት ነው። አምስቱ ሴቶች የወጡት በሁሉም ዓይን ፊት ስለ ነበር፣ ለዚህ ሬዲዮ አላስፈለገም። ርቀቱ የሰፋው መረጃ በመጥፋቱ ሳይሆን ሊያሳድድ የፈቀደ በመጥፋቱ ነው። ሁለተኛው የቆጠራ ጉድለት ነው። በሁለት ስብስቦች መካከል ያለው የደቂቃ ልዩነት ብቻውን የውድድሩን ሁኔታ አይገልጽም፤ ከፊተኛው ስብስብ ፊት ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩም መታወቅ አለበት። የቅርቡን የውሃ ጋን ከፍታ እያነበበ ከበስተጀርባው ያለውን ሌላ ጋን የዘነጋ ባለሙያ፣ መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ጉድለት ሽንፈቱን አመጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ ሽንፈቱ እንዳይታይ ሸፈነው።

በዚህ ላይ የዘገባው ነገር ይጨመራል። የፈረንሳይ ዙር ውድድር በ1903 የተመሠረተው ሎቶ የተባለውን ጋዜጣ ለማሻሻጥ ነበር። በዚያ ዘመን ብስክሌተኛው በመንገድ ላይ ያየውን አንባቢው ቆይቶ በጋዜጣ ይደርስበት ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሞተር ብስክሌትና ሄሊኮፕተር በሚያነሡት ሥዕል፣ በቤቱ የተቀመጠ ተመልካች ማን ፊት እንዳለ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመራ ይመለከታል፤ ላብ በዓይኗ የሚወርድባት ተወዳዳሪ ግን ከፊቷ ያለውን ጎዳና ብቻ ታያለች። ተመልካቹም ያየውን እርሷም ያየች እየመሰለው ይፈርድባታል።

ለዚህ ማኅበር አባላት ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ግንባታ ሲሰነጠቅ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ሲቋረጥ የምርመራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴውም ሥዕሉን፣ መዝገቡንና የመለኪያውን ንባብ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይመለከታል። በዚያች ሌሊት በሥራ ላይ የነበረው ሠራተኛ ግን ይህ ሁሉ በፊቱ አልነበረም። ፍትሐዊ ምርመራ «ምን መደረግ ነበረበት?» ከማለቱ በፊት «ማን ምን ያውቅ ነበር? በየትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ከተዘለለ አንድ ሰው ይቀጣል፤ መረጃው ያልደረሰበት መንገድ ግን ሳይጠገን ይቀራል፤ አደጋውም ይደገማል።

ከዚህ ጋር የኪዘንሆፈር ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። የሌሎች አለመተባበር በር ከፈተላት እንጂ 40 ኪሎ ሜትር ያህል አየሩን ብቻዋን የቀደደላት ሰው የለም። ቫን ቭሎይተንም ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ጃፓን ውስጥ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት ውድድር የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። በዚያ ውድድር የሚቆጠር ሌላ ሰው አልነበረም፤ የጎደለባትም ጉልበት እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ።