በጥቂት ገንዘብ አገርን ስለ መጎብኘት

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የዕረፍት ጊዜ» የሚል ነው። ስለ ዕረፍት ጊዜ የሚናገር ተማሪ መጻሕፍት ማንበብ እንደሚገባ አስታውሶ መቀመጥ ልማዱ ነው። እኔም መጻሕፍትን አልቃወምም። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያገራችንን ተራሮችና ከተሞች በካርታ ላይ በጣታችን ስንዞር ኖረን፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ነው። ምክንያቱ ቢጠየቅ መልሱ ገንዘብ የለም የሚል ነው። ለእኛ ለሴቶቹ ደግሞ ሁለተኛ መልስ አለ፤ እርሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ኢትዮጵያን ለውጭ አገር ሰዎች «የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር» ብለው ያስተዋወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ስሙ መልካም ነው። የተማሪ ዕረፍት ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላልና ከ13ቱ ወር ለእኛ የደረሰን ጭቃው ነው። እንግዲህ በክረምት የት ይኬዳል? ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ ክረምት ጥሩ ጊዜ ነው፤ በበጋ ከውሃው ብዙው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይከሳል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን ተመካክረን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ለመሄድ አስበናል። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለዚያ መንገድ ነው።

የድሬዳዋን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ግን አላስወጣ አለ። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ደረሰና ከተማይቱ በዚያ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ ተሳፋሪ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። አሁን በአንድ ቀን ድሬዳዋ ይደረሳል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ባቡሩ በየቀኑ ላይነሣ ይችላልና የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማው ውጭ ናቸው። በትኬት የተቆጠበው ገንዘብ በታክሲና በባጃጅ እንዳያልቅ ተሰብስቦ መሳፈርና ዋጋውን ሳይቀመጡ መነጋገር ይሻላል። ከተቀመጡ በኋላ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከፋይ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ቃል። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የአውቶቡስ ረዳት ደግሞ በእኛው። በመካከሉ የስድስት ሰዓት ልዩነት ስላለ «በ12 ሰዓት ይነሣል» ሲባል እንቅልፍ ወዳጁ እኩለ ቀን መስሎት ይተኛል፤ መኪናው ግን ጎሕ ሲቀድ ሄዷል። «ባበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ድሬዳዋ ሁለት ፊት አላት። ከዚራ በሚባለው ሠፈር መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉም የሚያስጠልል ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላና ገበያው ናቸው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል። ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው የወረደ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎች በዚያች ከተማ ሞተዋል። በሐምሌና በነሐሴ ማንም ተማሪ በወንዙ አሸዋ ላይ እንዳይውል ከወዲሁ ተስማምተናል።

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ ዳገቱን ሲወጡ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል። የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ተመዝግቧል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ያው ጎርፉ በደረሰበት በ1998 ዓ.ም. ነው። በግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም አሉ፤ ጅቡ ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን ይበላል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉና ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ማየት ይቻላል። ለአሹራ በዓል ደግሞ ለጅቦቹ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። እኛ አዲስ አበባ ጅብ ሲጮኽ በር እንዘጋለን፤ ሐረር ገንፎ ያገነፋል! ራምቦ የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔም በዚያች ከተማ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። በስሙ የሚጠራውን ቤት ጎብኚ ሁሉ ያየዋል፤ ነገር ግን ቤቱ የተሠራው እርሱ በ1884 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ነው።

ስለ ስንቅ ብዙ አልናገርም። ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ያለው መንገደኛ በየጣቢያው አይመዘበርም። ምግብ ቤት መግባት ግድ ከሆነ አንድ ትልቅ ትሪ በየዓይነቱ ለሦስት ሰው ይበቃል። (የወንዶቹን አመጋገብ የሚያውቅ ለሁለት ይበል።)

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ ልመለስ። ለመሄድ ከተመዘገቡት 19 ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት እኅቶቼ ገንዘቡን አጥተው አይደለም፤ የሚያስፈልገውን ከወንዶቹ ቀድመው በዕቁብ አጠራቅመዋል። «ሴት ልጅ ያለ ዘመድ ከቤት ውጭ አታድርም» ተብለው ነው። እናቶቼና አባቶቼ፣ ፍርሃታችሁ ከፍቅር እንደሚመጣ እናውቃለን፤ በእኔም ቤት ይኸው ቃል ለሁለት ሳምንት ያህል ተነግሯል። ነገር ግን ወንድሜ በ16 ዓመቱ ብቻውን ጎንደር ደርሶ ሲመጣ የተጠየቀው «ጥምቀት እንዴት ነበር?» ተብሎ ነው። እኔም «ሐረር እንዴት ነበር?» ተብዬ ልጠየቅ እወዳለሁ።

ስለዚህ ክፍላችን የሚከተለውን አዘጋጅቷል። ሁለት ሴት መምህራን አብረውን ለመሄድ ፈቅደዋል። ሴቶቹ በአንድ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ያድራሉ፤ ፍራሽ እንጂ አልጋ ስለሌለው ክፍያው ጥቂት ነው። በየማታው አንድ ሰዓት ላይ፣ ባበሻ ማለቴ ነው፣ እያንዳንዷ ተማሪ ወደ ቤቷ ስልክ ትደውላለች። የመንገዱም ደኅንነት ከመነሻችን በፊት ባለው ሳምንት ተጠይቆ፣ የሚያሠጋ ነገር ቢኖር ጉዞው ይቀራል፤ ገንዘቡም ለየባለቤቱ ይመለሳል።

የፈቃዱ ወረቀት በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ብዕርም አብሮ አለ። መዝገቡ የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ስለሆነ ወላጆቻችን ዛሬ ከሻይ በኋላ በዚያ በኩል ቢያልፉልን ደስ ይለናል።