ካሜራው ሲጠፋ
ስለ ማይም ቢያሊክ ሕይወት ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር



ከልጆቻችን ጋር ስንጨዋወት "ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። ድሮ የምንሰማው ነርስ፣ መኮንን፣ ጠበቃ የሚል ነበር። አሁን ግን "ተዋናይ መሆን፣ ቴሌቪዥን ላይ መውጣት" የሚሉት በዝተዋል። ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ወላጆች ይደነግጣሉ፤ "ትምህርቷን ልትተው ነው!" ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ደስ ብሏቸው ከቤት ኪራይ ቀንሰው ለፎቶ አልበም ይከፍላሉ። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ስለዚህ "ተው" ወይም "ሂዱ" ከማለታችን በፊት፣ ይህን መንገድ ከልጅነቷ ጀምሮ የሄደችበትን የአንዲት ሴት ታሪክ እንመልከት ብለን አሰብን። ሴትየዋ አሜሪካዊት ናት፤ ታሪኳ ግን ለሀዳር ልጆች የሚሆን ቁም ነገር አለው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማይም ቢያሊክ ትባላለች። ስሟ በዕብራይስጥ ውሃ ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የቤተሰቧ ስምም አዲስ አይሆንባችሁም፤ መንገድ የተሰየመለት ባለቅኔ ሐይም ናሕማን ቢያሊክ ዘመዷ ነው። የተወለደችው በ1975 በካሊፎርኒያ ነው። አያቶቿ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ። እንግዲህ እሷም እንደ ብዙዎቻችሁ የስደተኛ የልጅ ልጅ ናት።

በ1988 በአንድ ፊልም ላይ የታዋቂዋን የቤት ሚድለርን የልጅነት ዘመን ሆና ተጫወተች። ከዚያ በኋላ "ብሎሰም" የሚባል ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ዋና ተዋናይት ሆነች። ድራማው ከእናቷ ተለይታ ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር ስለምትኖር ልጃገረድ ነው። እስከ 1995 ድረስ ታየ። ማይም ያን ጊዜ ገና 19 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ አገር ምድሩ ያውቃታል፤ ሥራው ግን አለቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ልጅ በቴሌቪዥን ሲወደድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደደው ልጅ በመሆኑ ነው። ድምፁ ይጎረናል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ቁመቱ ይረዝማል። የስልኩ ጥሪም ይቀንሳል። ልጁ ምንም አላጠፋም እኮ፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ማደግ ብቻ ነው። አባቶቻችን "ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ" ይላሉ። ካሜራ ግን ከነንፍጡ አይወድም። ከነንፍጡ የሚወድ ወላጅ ነው።

ታዲያ ማይም ምን አደረገች? ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሃርቫርድና ዬል ተቀብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ከቤቷ ላለመራቅ ብላ የሎስ አንጀለሱን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መረጠች። ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ የሚያጠናውን ሳይንስ ተማረች፤ ከዚያ ጎን ለጎን ዕብራይስጥና የአይሁድ ጥናት ወሰደች። በ2007 የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች። ትምህርቱ ላይ እያለች የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ ብትሉ፣ መልሱ እዚያው ቀረጻ ቦታ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ለትምህርት የደረሰ ልጅ ተዋናይ በትምህርት ቀን 3 ሰዓት ያህል መማር አለበት፤ አስተማሪውም ቀረጻው ቦታ ድረስ ይመጣል። ማይም ሳይንስ ለእሷ የሚሆን አይመስላትም ነበር። 15 ዓመቷ ላይ ባዮሎጂ ያስጠናቻት አንዲት ወጣት ሴት ናት ሐሳቧን የለወጠችው። ይህን ራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎችና ወታደሮች፣ ማታ ማታ ማትናስ ውስጥ ታናናሾቻችሁን ሒሳብ የምታስጠኑ፣ ይህን ልብ በሉ። ያቺ አስጠኚ በቴሌቪዥን አልታየችም፤ ሥራዋ ግን ዘልቆ ሄደ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በአሜሪካ እንደኛ አገር ሁሉም ሰው ኩፓት ሖሊም የለውም፤ የጤና ኢንሹራንስ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ማይም ትንንሽ ልጆች ይዛ ኢንሹራንስ ስላስፈለጋት ወደ ትወና ተመለሰች። በ2010 "ቢግ ባንግ ቲዮሪ" በሚባለው ተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ ገባች። የተሰጣት ሚና ምን ነበር? የአንጎል ተመራማሪ! የተማረችውን ይዛ ገባች ማለት ነው። በዚህ ሚና ለኤሚ ሽልማት 4 ጊዜ ታጭታለች፤ እስከ 2019 ድረስም ሠርታበታለች። በኋላም "ጀፐርዲ" የተባለውን የጥያቄና መልስ ውድድር መርታለች፤ ፊልምም ጽፋ አዘጋጅታለች።

እንግዲህ ትምህርቱ ከትወናው አላስቀራትም፤ ትወናውም ከትምህርቱ አላስቀራትም። ይሄን ነው ዛሬ ልንላችሁ የፈለግነው።

ሁሉም ልጅ ግን እንዲህ አልቀናውም። ጃኪ ኩጋን የሚባል ልጅ በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በተሠራ ፊልም ዓለም አወቀው። በልጅነቱ ሚሊዮኖች ዶላር አገኘ። አድጎ ገንዘቡን ሲፈልግ አብዛኛው በእናቱና በእንጀራ አባቱ እጅ ጠፍቶ አገኘው። በ1938 ከሰሳቸው፤ የደረሰው ግን 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሳ በ1939 ካሊፎርኒያ በእሱ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣች። ዛሬ በዚያ ሕግ መሠረት ልጁ ከሚያገኘው ገንዘብ 15 በመቶው እስኪያድግ ድረስ ተዘግቶ ይቀመጥለታል። በእናትና በልጅ መካከል ሕግ ማስፈለጉ ያሳዝናል፤ ግን አስፈለገ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ማኅበረሰባችን ከስክሪን ሩቅ አይደለም። በ2005 የወጣውን "ኑርና ሁን" ልንለው የምንችለውን የራዱ ሚሃይሌአኑን ፊልም የተሸከሙት የእኛው ልጆች ናቸው። ዮሲ ቫሳ በዚሁ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ፣ ከባልደረባው ጋር "ነፍሱ" የተባለውን ተከታታይ ኮሜዲ ፈጠረ፤ በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አገኘ። ልብ በሉ፣ ዮሲ ሌላ ሰው የጻፈለትን ብቻ አልተጫወተም፤ የራሱን ጻፈ። የጻፈ ሰው "ይህ እኛን አይመስልም" ማለት ይችላል። የሃይፋ ቴአትርም እዚሁ ሀዳር ውስጥ ነው፤ በእግር የሚደረስበት ነው።

ስለዚህ ለወላጆች ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ በእስራኤል የወጣቶች ሥራ ሕግ ከ1953 ጀምሮ አለ። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለትርኢት፣ ለማስታወቂያ ወይም ለቀረጻ ለማሠራት የሥራ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። "ፈቃዱ የታለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ውሉን ልጁ ራሱ ለእናቱ እያስተረጎመ አይፈረም። ልጆቻችን በባንክም በሐኪም ቤትም ብዙ አስተርጉመውልናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በራሳቸው ጉዳይ ላይ ግን ልጆች ይሁኑ። ዕብራይስጥ አንብቦ የሚረዳ ትልቅ ሰው ይመልከተው። ሥራ ሳይሰጥ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁም አትቸኩሉ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ያገኘው ገንዘብ በልጁ ስም ይቀመጥ። ኑሮ እንደሚከብድ እናውቃለን። ቢሆንም የልጅ ላብ ነው።

እናንተ ልጆች ደግሞ፣ ተውኔት ከወደዳችሁ አትፈሩ፤ ተጫወቱ፣ ጻፉ። ባግሩታችሁን ግን አትልቀቁ። "ከቀረጻው በኋላ እማራለሁ" አትበሉ፤ ማይም በቀረጻው መካከል ነው የተማረችው። የማይመስላችሁን ሚና ሲሰጧችሁ "እምቢ" ማለት የሚችለው ሌላ እንጀራ ያለው ሰው ነው። ያንን እንጀራ የሚጋግርላችሁ ትምህርት ነው።

ወላጆቻችን በጎንደርም በአዲስ አበባም ሳላችሁ የቴሌቪዥን ዕድል የገጠማችሁ አባባ ተስፋዬን ታስታውሱ ይሆናል። ልጆችን "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ይሉ ነበር። አበባው ሲያምር ሁሉም ያየዋል። ፍሬ እስኪያፈራ ውሃ የሚያጠጣው ግን የቤት ሰው ነው።

 እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።