የቦይ ጠረጋውን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ስለ ማስማማት
(ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የተሰማ ንግግር)



ወሩ የሰርግ ወር ስለሆነ ዛሬም ከመካከላችሁ ድንኳን የሚጠብቃችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለዚህ አናስረዝምም።

ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የታችኛውን ቦይ ለመጥረግ ቀጥረን ነበር። ቦዩ 180 ሜትር ነው። አንድ ሰው በ2 ሰዓት ተራ 3 ሜትር ያህል ደለል ያወጣል። በመዝገባችን 60 ቤት ስላለ 60ን በ3 አባዝተን «በአንድ ጠዋት ያልቃል» አልን። የመጣው 11 ሰው ነው። 33 ሜትር ጠርገን ገባን። በሐምሌ ውሃው ከታች በኩል ሁለት ቤት ገባ፤ የአንዲት እናታችን ጤፍ ከነኩንታሉ ራሰ።

ተናደንና በ49ኙ ላይ ቅጣት ጻፍን። ኋላ ቁጭ ብለን ቀን መቁጠሪያውን ብናየው ያ እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ሆኖ ተገኘ። ጾም ተፈትቶ ሰርግ የሚደገስበት ቀን! ግማሹ ሰው ሰርግ ቤት ነበር፤ ሌሊት ጥበቃ አድረው የተኙም ነበሩ። ደግሞስ ያለን አካፋ 12 ነው፤ 60ው ሰው ቢመጣ ኖሮ 48ቱ ቆሞ ሊያይ ነበር። ጥፋቱ የቀጠርነው የኛ ነው፤ ቅጣቱም ተሰርዟል።

ዘንድሮ አስቀድመን ያየነው ቀኑን ነው። ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃ ስትታይ በዚያው ሳምንት ይያዛል። በሁዳዴ ሰርግ የለም፤ እሑድ ሰው ሰፈር ውስጥ ነው። ጾመኛ እንዴት አካፋ ያነሣል? ማለታችሁ አይቀርም። ተነጋግረንበታል። ሙስሊም ወገኖቻችን ፀሐይ ሳትበረታ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይሠራሉ፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይቀጥላሉ። በየተራው 8 ሰው ከሆነ አካፋውም ይበቃል፣ እጀታው ለሚወልቀውም መለወጫ ይኖራል። በሰንበት አካፋ አይነሣም ለሚሉ አባቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።

እሑዶቹ የካቲት 15፣ 22፣ 29 እና መጋቢት 6 ናቸው። በእያንዳንዱ 16 ሰው፣ በአራቱ 64 ተራ ይሆናል፤ የሚያስፈልገን 60 ነው። ለየቤቱ አንድ ተራ ማለት ነው። መጋቢት 13 የዒድ ሰሞን ስለሆነ ለመጠባበቂያ ብቻ ይዘነዋል፤ ሞት ቀጠሮ አይጠይቅምና ልቅሶ ቢገጥመን ወደዚያ እናዞራለን። የበልግ ዝናብ የሚመልሰውን አፈር ለማየት ግንቦት 16 ስድስት ሰው ይበቃል። ግንቦት 23ን የተውነው ጰራቅሊጦስ ስለሆነ ነው።

ከነገ ጀምሮ በማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል። መጀመሪያ የማይመቻችሁን ቀን ንገሩን፤ ተዝካር ያለበት፣ የጥበቃ ተረኛ የሆነ፣ ገበያ የሚወጣ አይፈር። መጻፍ የማይሆንለት መጥቶ በቃል ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን። የአንዱ እሑድ ቦታ ከሞላ ሌላ እሑድ መምረጥ ነው እንጂ መደራረብ የለም።

ስም የሚመዘገበው እስከ የካቲት 6 ነው። የራሱን አካፋ የሚያመጣ እጀታው ላይ ስሙን ይጻፍ፤ አምና የሁለት ሰው አካፋ ተለዋውጦ እስከ ዛሬ ይወቃቀሳሉ።