የኦንላይን ትምህርትና የሴት ሰዓት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሴቶችና የኦንላይን ከፍተኛ ትምህርት የሚል ነው። ኮሌጅ ውስጥ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎችን ስለማስተምር ይመስለኛል የተመረጥኩት። አጀንዳው ላይ እንዳያችሁት፣ ከዚህ ንግግር በኋላ ለትምህርት የተሰጠንን ድጋፍ በምን ላይ እናውለው በሚለው እንወስናለን። የቀረበው ሐሳብ ለእያንዳንዷ ተማሪ ታብሌት መግዛት ነው። እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ ምክንያቴን እስክናገር ድረስ ታገሱኝ።

ከሩቅ ሆኖ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የክፍለ ከተማችን ስም እንኳ «ንፋስ ስልክ» ነው፤ ድሮ ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት እንዲህ ይሉት ነበር። ከመካከላችን በሞጁል ተምረው ዲግሪ የያዙ አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ወደ ክፍል ይገባ ጀመር። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ያልገባት ልጅ እጇን ብታወጣ የሚያያት የለም፣ መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ያተረፋቸው አጠገባቸው ቆሞ «ምን ለማለት ነው መሰላችሁ» እያለ በአማርኛ የሚያስረዳቸው መምህር ነበር።

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስንመጣ ትልቁ ፈተና በ2012 ዓ.ም. መጣ። በኮሮና ምክንያት መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ሲባል፣ የመጀመሪያ ዲግሪዎቹ በአብዛኛው ጠበቁ። ከሰኔ 23 ጀምሮም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ስለ ኔትወርክ ችግር ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ እሱን አላስረዝምም። ያን ጊዜ ያስተዋልኩት ግን ሌላ ነገር ነው።

ካምፓስ የገባች ልጅ ዶርም ነበራት። ምግቧን የሚያበስል ካፌ፣ ማታ የምትቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት ነበራት። ወደ ቤት ስትመለስ ኢንተርኔቱ ቢኖር እንኳ ሰዓቷ ጠፋ። «ቤት ነሽ አይደል? እስቲ ሽንኩርቱን ላጪ፣ ታናሽሽን ያዢ።» ወንድሟ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ «እያጠና ነው» ተብሎ በሩ ይዘጋለታል፤ እሷ ስልኳን ስትይዝ «ስልክ ላይ ተጥዳ ዋለች» ትባላለች። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እኛው ነን። በኦንላይን ሳስተምር አንዷ ማይክራፎኗን ከፍታ ጥያቄ ልትጠይቅ ስትል ከበስተጀርባዋ የሙቀጫ ድምፅ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ስሟን የሚጠራ ሰው ይሰማል። «ይቅርታ መምህር» ብላ ትዘጋዋለች። ጥያቄዋም አብሮ ይቀራል። ያገቡትማ አይነሣ፤ የእነሱ ትምህርት የሚጀምረው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው።

ኦንላይን ትምህርት ደግሞ በኮሮና ጊዜ ታይቶ የጠፋ ነገር አልሆነም። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የጀመረው፣ የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የአገራችን ሻያሾኔ ያሉበት የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35 ሺህ መምህራንንና 800 ሺህ ተማሪዎችን እንዲያዳርስ የታቀደ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ነፃ ሥልጠና ተጀመረ፤ ዕድሜ አይገድብም፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አራት ዓመት ሙሉ ሞጁሏን በስልክ ያነበበች ልጅ ማውዝ የምትይዘው በፈተናው ዕለት ከሆነ፣ ከጥያቄው በፊት የምትታገለው ከመሣሪያው ጋር ነው።

ታብሌት ይህን አይፈታም። በጣት የሚነካ ነው፤ ልምምዱን አይሰጣትም። ቤት ሲገባም የቤቱ ሁሉ ይሆናል። ትንሹ ካርቱን ያይበታል፣ ትልቁ ኳስ ያይበታል፣ የቤት ኪራይ ሲቸግር ደግሞ መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው። ደጋፊዎቻችን እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ታብሌት ፎቶ ላይ ያምራል። ጥቅሉን በየወሩ የሚሞላው ማን እንደሆነ ግን ፎቶው አይናገርም። አንድ ሰዓት ምስል ያለው ትምህርት ከግማሽ ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን ከመቶ ሜጋ በታች ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ስላወቁ ነው ሁሉን ነገር በቴሌግራም የሚቀባበሉት። ሞጁሉ በፒዲኤፍ፣ ማብራሪያው በድምፅ ይላካል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይወርዳል። ስለዚህ እናንተ መምህራን የሆናችሁ አባላት፣ ካሜራ ካልከፈታችሁ አትማሩም እያላችሁ ልጆቹን ባታስጨንቁ ደስ ይለኛል።

ሐሳቤ ይህን አዳራሻችንን የጥናት ክፍል እናድርገው የሚል ነው። ያገለገሉ ግን የሚሠሩ ስድስት ኮምፒውተሮች፣ በወር የሚከፈል አንድ የዋይፋይ መስመር፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ፣ ልጆች የምትጠብቅ አንዲት ተከፋይ አባል። በሩ ላይ የሚለጠፍ የሰዓት ዝርዝርም ይኖራል። «ማኅበር ልሄድ ነው» ያለችን ሴት ሽንኩርት ላጪ የሚላት የለም፤ ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና እየጠጣን ያረጋገጥነው ነው።

በዓለም ላይ በርቀት በማስተማር የታወቁትም ክፍል አልናቁም። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰራጭ ቢሆንም፣ ተማሪዎቹ አስጠኚ የሚያገኙባቸው ማዕከሎች በየከተማው ነበሩት። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ኢትዮጵያውያንን በርቀት ሲያስተምር ጎረቤታችን አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቷል።

የሰዓቱ ነገር ቀላል አይደለም። በኮሚቴው የቀረበው ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የሚል ነበር። ለእኔ ለጎፋዋ ይመቸኛል፤ ከሃና ማርያምና ከጀሞ ለሚመጡት ግን በዚያ ሰዓት ታክሲ ወረፋ ላይ ቁሙ፣ በጨለማም ግቡ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ከጠዋቱ 3 እስከ 6፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቢሆን እላለሁ። ተቀጥረው የሚሠሩት በሥራ ቀን አይችሉም፤ ለእነሱ የቅዳሜና እሑዱ ቅድሚያ ይሰጣቸው። የመውጫ ፈተና ሲቃረብ ተፈታኞች ከሌላው ይቀደሙ፤ በሳምንት አንድ ቀንም እኔና አንዲት ሌላ መምህርት በነፃ እናስጠናለን።

የቀረው የአዳራሹ ጉዳይ ነው። እንደምታዩት ግማሹ የእድር ድስት፣ ሰሃንና ወንበር ነው። የዕቃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ እትዬ ዕቃው የት እንደሚዛወር ዛሬውኑ ቢነግሩን፣ ወደ ድምፅ መስጠቱ እንገባለን።